እደግ ተመንደግ

እኛ አገር ዕድገትን የሚጠላ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። ልጅ ለእንግዳ እጅ ቢያስታጥብ «እደግ!» ይባላል። ሮጦ ከሱቅ ክብሪት ገዝቶ ቢመጣ «እደግ ተመንደግ!» ይባላል። አንዳንድ አዛውንትማ ምርቃቱን አንዴ ከጀመሩት ማቆሚያም የላቸው፤ ልጁ ጎንበስ እንዳለ «አሜን፣ አሜን» ሲል ወገቡ ይዝላል። መሥሪያ ቤትም «ዕድገት አገኘ» የሚባል ሰው አለ፤ ደመወዙ ላይ የተጨመረችውን ብር ለማየት አጉሊ መነጽር ቢያስፈልግም ዕድገት ዕድገት ነውና ጓደኞቹን ይጋብዛል። አገርም በመቶ ይህን ያህል አደገች ይባላል፤ ዘይትና ሽንኩርቱም «እኛስ ከማን እናንሳለን!» ብለው አብረው ያድጋሉ።

ገላችን ሲያድግም ደስ ይለናል። ዓመት ተለያይተን የከረምነውን ሰው መንገድ ላይ ስናገኘው ገና ስመን ሳንጨርስ «ውይ፣ ወፈርሽ እኮ! ተመችቶሻል!» እንላለን። ከስታ ከመጣች ግን «ምነው፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» ነው። በእኛ መዝገበ ቃላት መክሳት የበሽታ፣ መወፈር የጤና ነው። ሆድ ገፋ ካለ ደግሞ ለወንዱ የሀብት፣ ለሴቷ የእርግዝና ምልክት ነው። ሦስተኛ ትርጉም አልሰጠነውም።

እኔ ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ስለዚያ ሦስተኛ ትርጉም ነው። በእንግሊዝኛው ኦቫሪ፣ በእኛ የሳይንስ መጽሐፍ እንቁልጢ የሚባሉ፣ ከማህፀን ግራና ቀኝ የተቀመጡ፣ ርዝመታቸው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሁለት አካላት በሴት ልጅ ሆድ ውስጥ አሉ። ሁላችንም ከዚያ ነው የመጣነው። እዚያ የሚነሣው ካንሰር እ.ኤ.አ በ2022 ብቻ በዓለም ላይ ከ324 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ መገኘቱን፣ ወደ 207 ሺህ የሚሆኑትን ደግሞ መግደሉን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ገምቷል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«አንተ ደግሞ ጋዜጣህ ላይ ሐኪም ሆንክብን?» እንዳትሉኝ። ሐኪም አይደለሁም። በሥጋ ዘመዴ ላይ የደረሰ ነገር ነውና ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ስል ያነበብኩትን፣ የጠየቅሁትን ነው የማካፍላችሁ። ሳነብ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ይኸው «እደግ ተመንደግ» የምንለው ነገር ነው።

እስቲ ከኩሽና እንጀምር። ሽንኩርት ስትከትፉ ቢላው ጣታችሁን ቆረጣችሁ እንበል። ደሙ ይፈሳል፣ ከዚያም ይረጋል። ሲረጋ ታዲያ በደሙ ውስጥ ያሉት ፕሌትሌት የሚባሉ ቅንጣቶች ለአካባቢው ሕዋሳት መልእክት ይረጫሉ። መልእክቱ በአጭሩ «ተነሡ፣ ተባዙ፣ ቀዳዳውን ድፈኑ» የሚል ነው። ሕዋሳቱ ይባዛሉ፣ ቁስሉ ይሞላል። ሲሞላ ደግሞ «ይበቃችኋል» የሚል ሌላ መልእክት ይመጣል። ጣታችሁም የድሮዋ ጣት ሆና ትቀራለች እንጂ እንደ ዱባ ማበጧን አትቀጥልም።

እነዚያን «ተባዙ» ባይ ንጥረ ነገሮች ሳይንቲስቶቹ ግሮውዝ ፋክተር ይሏቸዋል። እኔ ለዚህ ጽሑፍ «አሳዳጊ» ብያቸዋለሁ። አሳዳጊው ታዲያ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ሕዋሱ ገላ ላይ እሱን የሚቀበል «ተቀባይ» ያስፈልጋል። ምርቃቱ ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ፣ ተቀባዩ ወደ ሕዋሱ ውስጥ «አሜን» ይላል። አሜኑ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ መሃል ያለው አስኳል ዘንድ ይደርስና ያ ሕዋስ ለሁለት ይከፈላል። ጤነኛ ሕዋስ ያለ ምርቃት አይባዛም። መራቂው ሌላ፣ ተመራቂው ሌላ ነው። በእኛም ባህል ቢሆን ሰው ራሱን አይመርቅም፤ «እደግ ተመንደግ» የሚለው ሌላ ሰው ነው።

ይህን ነገር ዓለም ያወቀው በማን መሰላችሁ? ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ በሚባሉ ጣሊያናዊት ነው። እ.ኤ.አ በ1909 ቱሪን ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ፤ ሕክምናም ተማሩ። እ.ኤ.አ በ1938 ሙሶሎኒ (የእኛው ሙሶሎኒ፣ ያኔ አዲስ አበባንም ይዟታል) አይሁዶችን ከዩኒቨርሲቲ የሚያባርር ሕግ አወጣ። እኚህ ሴት ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም። መኝታ ቤታቸውን ቤተ ሙከራ አደረጉት። የዶሮ እንቁላል ሰብስበው፣ በእንቁላሉ ውስጥ ያለውን ጽንስ የነርቭ ዕድገት በአጉሊ መነጽር ያዩ ጀመር። ቦምቡ ሲብስ ገጠር ሄደው እዚያም ቀጠሉ።

ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ሄደው ሲሠሩ፣ እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የአይጥ ዕጢ የዶሮ ጽንስ ላይ ቢተከል የጫጩቷ ነርቭ በአስገራሚ ፍጥነት ሲያድግ አዩ። ዕጢው አንድ ነገር እየረጨ ነው ማለት ነው። ልብ በሉልኝ! የአሳዳጊው ፍለጋ የተጀመረው ከዕጢ ነው። የሥራ ባልደረባቸው ስታንሊ ኮኸን ደግሞ ከአይጥ ምራቅ ዕጢ የወጣ ነገር ለተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ቢወጉ፣ ግልገሎቹ ዓይናቸውን ከጊዜው በፊት ገለጡ፣ ጥርስም ቀድመው አወጡ። ይህ ሁለተኛው ኢጂኤፍ የሚባለው አሳዳጊ ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ በ1986 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ሪታ 103 ዓመት ኖረው እ.ኤ.አ በ2012 ዐረፉ። ከእህታቸው ጋር ያቋቋሙት ድርጅት የአፍሪካ ሴቶችን ትምህርት ይረዳ ነበርና እኛም ሩቅ ሆነን አናውቃቸውም አንልም።

እንግዲህ ወደ ካንሰሩ ልመለስ። በእኛ አገር ስድ የሆነ ሰው «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል። የካንሰርን ሕዋስ ግን እንዲህ ብንሰድበው ስድቡ አያርፍበትም። አሳዳጊ አልበደለውም፤ አሳዳጊው ራሱ ሆኖ ነው እንጂ። እ.ኤ.አ በ1980 ስፖርን እና ቶዳሮ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የካንሰር ሕዋስ አሳዳጊውን ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ ረጭቶ፣ ራሱ ይቀበላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የእንቁልጢ ካንሰር ሕዋስም ከዚህ አያመልጥም። ለኢጂኤፍ የተሠራውን ተቀባይ ገላው ላይ ተክሏል፤ በዚያው ተቀባይ ላይ የሚያርፍ ዘመድ አሳዳጊም ራሱ ያመርታል። ራሱን «እደግ» ይላል፣ ራሱ «አሜን» ይላል።

መንገዱ ይህ ብቻም አይደለም። አንዳንዱ ዕጢ ጆሮውን ያበዛል፤ ሄር-2 የሚባለውን ተቀባይ ከልክ በላይ ይደረድራል። ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ በ1989 ይህንን በአንዳንድ የጡትና የእንቁልጢ ካንሰሮች ላይ አሳይተዋል። ሹክሹክታው ለእሱ ጩኸት ይሆንለታል። ሌላው ደግሞ ማንም ሳይመርቀው «አሜን» ማለቱን አያቆምም፤ መልእክት አስተላላፊው ኬራስ ይበላሽና በሩ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን «ይብቃ» የሚለውን አለመስማቱ ነው። ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባል መልእክተኛ አለ፤ በቤተ ሙከራ ጤነኛ የእንቁልጢ ሽፋን ሕዋሳት ላይ ሲጨመር መባዛታቸውን ይገታል። የካንሰር ሕዋሳቱ ላይ ሲጨመር ግን ብዙዎቹ እንዳልሰማ ሆነው ይቀጥላሉ። ሽማግሌ ተልኮበት እንደማይመለስ ጎረምሳ ማለት ነው።

ግን ለምን እዚያ ቦታ? እዚህ ላይ አንድ አፍሪካዊ ሐኪም አለ። እ.ኤ.አ በ1971 ግብጻዊው ማህሙድ ፋታላ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ሴት ልጅ በየወሩ እንቁላል ስትለቅ እንቁልጢዋ በትንሹ ይቀደዳል፣ ከዚያም ይጠገናል። በየወሩ ቁስል፣ በየወሩ ጥገና ማለት ነው። ጥገና ካለ ደግሞ «ተባዙ» የሚለው ጥሪ አለ። ፋታላ ያሉት ያለ ዕረፍት የሚደጋገመው ይህ ነገር ለካንሰሩ መንገድ ሳይከፍት አይቀርም ነው። እርግዝና፣ ጡት ማጥባት፣ የእርግዝና መከላከያ ክኒንም እንቁልጢውን ስለሚያሳርፉ አደጋውን እንደሚቀንሱ ከዚያ ወዲህ ተደጋግሞ ታይቷል። ኋላም ሌላ ነገር ተጨመረ። ከእንቁልጢ ካንሰሮች እጅግ የበዛውና የከፋው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከእንቁልጢው ሳይሆን እንቁላሉን ከሚቀበለው ቱቦ ጫፍ መሆኑ ታወቀ። ያ ጫፍ ደግሞ እንቁላሉ በተለቀቀ ቁጥር አሳዳጊ በሞላበት ፈሳሽ ይታጠባል።

አሁን ሆድ ለምን እንደሚነፋ ልንገራችሁ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ዕጢ ሲጀምር ነጥብ ነው። ዶክተር ጁዳ ፎክማን እ.ኤ.አ በ1971 እንዳስረዱት፣ የራሱን የደም ሥር ካልሳበ ከአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር አያልፍም። ስለዚህ ደም ሥር ይጠራል። የሚጠራበት አሳዳጊ ቬጂኤፍ ይባላል። አዲስ ሰፈር የሠራ ሰው መንገድና የቧንቧ ውኃ እንዲገባለት ማመልከቻ እንደሚያስገባው ነው፤ ልዩነቱ የካንሰሩ ማመልከቻ ወዲያው መፈጸሙ ነው። ይህ አሳዳጊ ሌላም ጠባይ አለው። ደም ሥሩን ያሳሳዋል፣ ያንጠባጥበዋል። እንዲያውም መጀመሪያ የተገኘው በዚህ ጠባዩ ነው፤ እ.ኤ.አ በ1983 እነ ሃሮልድ ድቮራክ ዕጢ ካለበት እንስሳ ሆድ ውስጥ ከተጠራቀመ ውኃ ላይ አገኙት። እ.ኤ.አ በ1989 ደግሞ ናፖሊዮን ፌራራ ደም ሥር የሚጠራውን አሳዳጊ ለዩት፤ ሁለቱ አንድ ሆነው ተገኙ።

የሚንጠባጠበው ውኃ የሚጠራቀመው ሆድ ውስጥ ነው። የሚገርመው ደግሞ ውኃው ዝም ብሎ ውኃ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1995 ተመራማሪዎች ከሕሙማን ሆድ በተቀዳው ውኃ ውስጥ ኤልፒኤ የሚባል ቅባት ነክ ንጥረ ነገር ለዩ፤ እሱም የካንሰሩን ሕዋስ ቀስቃሽ ሆኖ ተገኘ። ዕጢው ውኃውን ያመጣል፣ ውኃው ዕጢውን ያሳድጋል። ከዕጢው የተፈነገሉት ሕዋሳት በውኃው እየተንሳፈፉ የአንጀትን ሽፋን፣ የጉበትን ገጽ፣ የሆድን ግድግዳ ይይዛሉ። የሴትየዋ ሆድ ከውጭ ሲታይ የሚያድገው በዚህ ምክንያት ነው።

አክስቴ እንዲህ ነው የጀመራት። ስድሳ ዓመት አልፏት ነበር። በዐቢይ ጾም ወቅት «ነፋኝ» አለች። በጾም ያልተነፋ ማን አለ? ሽሮው ነው ተባለ፣ ባቄላው ነው ተባለ። ፋሲካ መጥቶ ሄደ፤ ሆዷ ግን አልሄደም። ማዕድ ቀርባ ሁለት ጉርሻ ስትጎርስ «ጠገብኩ» ትላለች። በእኛ ቤት «ጠገብኩ» የሚል ሰው አይታመንም። «ብይ እንጂ! በሞቴ! አፈር ስሆን!» እየተባለ ሦስተኛው ጉርሻ በግድ ይገባል። እሷም ሰውን ላለማስቀየም ትውጣለች፣ ከዚያ ጓሮ ትሄዳለች።

የማኅበር ሴቶች «እሰይ፣ ተመችቶሻል!» አሏት። እውነትም ቀሚሷ ጠቧት ነበርና ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ ጎኑን አስፈታችው። ከዚያም ደግማ አስፈታችው። እጇና ፊቷ ግን እየከሱ ነበር። አንድ ክሊኒክ ሄደች፤ ሆዷ ሳይነካ «ጨጓራ ነው» ተብላ ክኒን ተሰጣት። ክኒኑ አለቀ፣ ሌላ ክኒን ታዘዘ፤ እንዲህ አምስት ወር ሄደ። ጠበልም ገባች፤ ስትመለስ ልቧ ዕረፍት አግኝቶ ነበር፣ ሆዷ ግን እንደዚያው። ሽንት ቶሎ ቶሎ እንደሚመጣባት፣ ከእምብርቷ በታች እንደሚከብዳት ለማንም አልተናገረችም። የሴት ነገር ነው፤ ከወገብ በታች ነው፤ ነውር ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብላ ያዘችው። ይህን አባባላችንን ሁልጊዜ እወደው ነበር፤ ትዕግሥት ይመስለኝ ነበር። በእሷ ላይ ግን ቃል በቃል ሆነ።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ሆዷን ዳስሳ አልትራሳውንድ አዘዘች። ከሆዷ ብዙ ሊትር ውኃ ተቀዳ። በዚያ ሌሊት ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርባዋ ተንጋላ ተኛች። «ዳንኩ» አለች። ውኃው በሁለት ሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ ኬሞቴራፒ ወሰደች፣ ጸጉሯ ወደቀ፣ ተመልሶ በቀለ። ሁለት ፋሲካ አብራን ዋለች። በሦስተኛው አልነበረችም።

ይህ የድሃ አገር ታሪክ ብቻ ነው የሚል ካለ ሌላ ታሪክ ልንገረው። የዘር መልእክት የሚጻፍበትን የዲኤንኤን ቅርጽ ለማወቅ ወሳኝ የነበረው የኤክስሬይ ምስል የተገኘው ከእንግሊዛዊቷ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ቤተ ሙከራ ነው። ይህች ሴት እ.ኤ.አ በ1956 ለሥራ አሜሪካ ሳለች ሆዷ ገፋና የቀሚሷ ዚፕ አልዘጋ አላት። ለንደን ተመልሳ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ መጀመሪያ የተጠየቀችው አርግዛ እንደሆነ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ሆዷ ሲከፈት ሁለት ዕጢ ተገኘ። ሥራዋን እስከ መጨረሻው አላቋረጠችም፤ እ.ኤ.አ ሚያዝያ 16 ቀን 1958 በ37 ዓመቷ ሞተች። የኖቤል ሽልማቱ ከአራት ዓመት በኋላ ለሦስት ወንዶች ተሰጠ። ሽልማቱ ለሙታን አይሰጥምና ብትኖር ምን ይሆን ነበር የሚለውን ለእናንተ እተወዋለሁ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የለንደኗም ሊቅ፣ የእኔም አክስት በሽታቸውን መጀመሪያ የነገራቸው የቀሚሳቸው ጥበት መሆኑ ነው።

«ታዲያ ምርቃቱን መከልከል አይቻልም?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ይህንኑ ነው የጠየቅሁት። ተሞክሯል። ቬጂኤፍን ይዞ የሚያስቀር ቤቫሲዙማብ የሚባል መድኃኒት ተሠራ። እ.ኤ.አ በ2011 የወጣ አንድ ጥናት በሽታቸው በሆዳቸው የተሠራጨ 1,873 ሴቶችን አካቶ ነበር። ከኬሞቴራፒው ጋር መድኃኒቱን ወስደው ከዚያም በኋላ የቀጠሉት በሽታው ሳይብስባቸው የቆዩት በአማካይ 14.1 ወር ነው፤ ሳይወስዱ የቀሩት 10.3 ወር። ጠቅላላ ዕድሜያቸው ላይ ግን የጎላ ልዩነት አልታየም። የኢጂኤፍን ተቀባይ የሚዘጋው ኧርሎቲኒብ ደግሞ ከ800 በላይ ሴቶች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ በ2014 የወጣው ውጤት ጥቅም እንዳልታየበት ነበር። ምክንያቱን ከላይ ነግሬአችኋለሁ። ሕዋሱ ብዙ መራቂና ብዙ ጆሮ አለው። አንዱን በር ብትዘጉበት በሌላው ይገባል።

የመጀመሪያውን ውጤት ሳነብ «አራት ወር ለማይሞላ ነገር ይህ ሁሉ ወጪ?» ብዬ ነበር። ከዚያ የአክስቴን አራት ወር አሰብኩ። ውኃው ሳይመለስባት በቆየበት በዚያን ያህል ጊዜ ውስጥ የልጅ ልጇን ክርስትና አንሥታለች፣ ከወንድሟ ጋር ከስንት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ታርቃለች፣ በርበሬ ራሷ ቀንጥሳ አስፈጭታለች። ይህን መድኃኒት አላገኘችም፤ ኬሞው የሰጣት ጊዜ ነው። እና ወገኖቼ፣ አራት ወር ትንሽ ነው ማለት የሚችለው ጤነኛ ሰው ይመስለኛል።

ያም ሆነ ይህ፣ ዛሬም ቢሆን ከየትኛውም መድኃኒት በላይ የሚለየው ቀድሞ መድረስ ነው። በአሜሪካ አኃዝ፣ በሽታው ከእንቁልጢው ሳይወጣ ከተገኘባቸው ሴቶች ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ርቆ ከተሠራጨ በኋላ የተገኘባቸው ግን ከመቶ ሠላሳ ገደማ ናቸው። ችግሩ፣ ጤነኛ ሴቶችን ሁሉ አሰልፎ የሚለይ ምርመራ የለም። እንግሊዝ አገር ከ200 ሺህ በላይ ሴቶች በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ለዓመታት ተከታትላ፣ እ.ኤ.አ በ2021 የወጣው ውጤት ምርመራው ሞትን አልቀነሰም የሚል ነው። ስለዚህ የቀረን ነገር ሆድ ሲናገር መስማት ነው።

ሆድ ደግሞ ይናገራል። እ.ኤ.አ በ2007 አሜሪካዊቷ ሐኪም ባርባራ ጎፍና ባልደረቦቿ ያወጡት መመዘኛ ቀላል ነው። የሆድ መነፋት ወይም መግፋት፣ ቶሎ መጥገብ ወይም መብላት ማቃት፣ የሆድ ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም። ከነዚህ አንዱ በወር ውስጥ ከ12 ቀን በላይ ከተመላለሰና ከጀመረ ዓመት ካልሞላው መመርመር ይገባል። ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣትም አብሮ የሚታይ ነው። ብዙውን ጊዜ ነገሩ ካንሰር አይሆንም፤ ጨጓራም፣ ሽሮም ሊሆን ይችላል። ግን ጨጓራ ነው የሚባለው ሆዱ ተዳስሶ፣ አልትራሳውንድ ታይቶ ይሁን። በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ አዲስ የመጣ የሆድ መነፋት በጾም አይመካኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብራካ የሚባሉ ሁለት የዘር መልእክቶች አሉ፤ እ.ኤ.አ በ1994 እና በ1995 የተለዩ ናቸው። ከነዚህ አንዱ ተበላሽቶ የተወለደች ሴት ለጡትም ለእንቁልጢም ካንሰር የበለጠ ትጋለጣለች። ይህ ብልሽት በእናት ብቻ ሳይሆን በአባትም በኩል ይመጣል። ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክ ሲጠየቅ «የአባቴ እህት በሆዷ ሞተች» የምትለዋ ነገር ትልቅ ነገር ናት። እኛ ግን ለቀስተኛ ሲጠይቀን «ትንሽ አሟት» ብለን የምንሸፋፍን ሕዝብ ነን። የሞቱበትን ምክንያት ከነሬሳው ስለምንቀብረው፣ ለልጆቻችን የሚጠቅማቸውን ወሬ አብረን እንቀብራለን።

እና እኔ የምለው፣ ካንሰሩ አሳዳጊ ፍለጋ ከሆድ ውስጥ ብቻ የሚማስን እንዳይመስላችሁ። «ተመችቶሻል» የሚለው ሰላምታችንም ጊዜ ይሰጠዋል። «ብይ እንጂ፣ በሞቴ» ስንል ምልክቱን በጉርሻ እንሸፍንለታለን። ባል «ሚስቴ ምን ሆናለች?» ብሎ ለመጠየቅ ሲያፍር፣ ልጅ እናቱን ስለ ሆዷ መጠየቅ ነውር ሲመስለው፣ ሐኪም ቤት ያለው ሰው በሁለት ደቂቃ «ጨጓራ» ብሎ ሲሸኝ፣ ያ ሕዋስ እዚያ ውስጥ ራሱን እየመረቀ ነው። እሱን በአንድ ቀን ማስቆም ባንችል፣ እኛ የምንጨምርለትን ምርቃት ግን መንሳት እንችላለን። ለዚህ ላቦራቶሪም አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ «ጠገብኩ» ያለች እናት ካለች፣ ሦስተኛውን ጉርሻ አስቀምጡና «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። አትመልስላችሁ ይሆናል። ነገም ጠይቋት።

ምርቃቱን በተመለከተ፣ ልጆቹን እንደ ልማዳችን «እደጉ ተመንደጉ» እንበል። ትልልቆቹን ግን በልኩ የሚያድግ፣ «ይብቃ» ሲሉት የሚሰማ ገላ ይስጣችሁ፣ ሆዳችሁ ሲናገርም የሚሰማችሁ ሰው አያሳጣችሁ ብለን እንመርቅ።

አሜን በሉ።